ትንፋሽ ፎቶ የሚነሣበት መንገድ

በየዓመቱ በመጽሔታችን ላይ ለአንድ የሳይንስ ትምህርት ቦታ እንተዋለን። የዘንድሮውን ርዕስ የመረጠልን የአንድ ተማሪ ጥያቄ ነው። በስፖርት ክፍለ ጊዜ ሁለት ዙር ሮጦ ሲቆም ጓደኞቹ የሳቁበት ልጅ፣ በማግስቱ በሳይንስ ክፍለ ጊዜ እጁን አውጥቶ፣ «ራጅ ተነሥቼ ሳንባህ ምንም የለበትም ተብያለሁ፤ ታዲያ ስሮጥ ትንፋሽ የሚያጥረኝ ለምንድን ነው?» ሲል ጠየቀ።

ጥያቄው የልጅ ጥያቄ ይመስላል። ነገር ግን የፊዚክስ ሊቃውንትና የሳንባ ሐኪሞች ከ30 ዓመት በላይ የደከሙበት ጥያቄ እዚህ ውስጥ አለ። የተነፈስነው አየር ሳንባችን ውስጥ የት ገባ፣ የትስ ሳይደርስ ቀረ? ይህን በዓይን ማየት ይቻላል ወይ? ዛሬ ይቻላል። እንዴት እንደሚቻል ለመረዳት በክፍል የተማራችሁት ሳይንስና ትንሽ ትዕግሥት ይበቃል።

ሳንባ ምን ዓይነት ቤት ነው?

አየር በአፍንጫ ገብቶ በዋናው የአየር ቧንቧ ወደ ደረት ይወርዳል። ቧንቧው ደረት ውስጥ ለሁለት ይከፈላል፤ እያንዳንዱ ቅርንጫፍ ደግሞ እንደገና ለሁለት እየተከፈለ ከ20 ጊዜ በላይ ይቀጥላል። ተገልብጦ የተተከለ ዛፍ አስቡ፤ ግንዱ ጉሮሮ ላይ፣ ቅጠሎቹ ወደ ታች። ቅጠሎቹ የአየር ከረጢቶች ናቸው። በአንድ ጎልማሳ ሰው ሳንባ ውስጥ በመቶ ሚሊዮኖች ይቆጠራሉ፤ ግድግዳቸው ተዘርግቶ ቢለካ 70 ካሬ ሜትር ያህል ይሆናል። ከመማሪያ ክፍሎቻችን የአንዱን ወለል ሸፍኖ ይተርፋል ማለት ነው።

በከረጢቱ ግድግዳ ማዶ ቀጫጭን የደም ሥሮች አሉ። አየሩን ከደሙ የሚለየው ግድግዳ ውፍረቱ ከአንድ ሚሊ ሜትር አንድ ሺህኛ እንኳ ያንሳል። ኦክስጅን ያንን ተሻግሮ በቀይ የደም ሕዋስ ውስጥ ካለው ሂሞግሎቢን ጋር ይያያዛል። እንግዲህ የሳንባ ሥራ ሁለት ነው፤ አየሩ እስከ ከረጢቱ መድረስ አለበት፣ ከዚያም ኦክስጅኑ ግድግዳውን መሻገር አለበት። አንደኛው ደኅና ሆኖ ሁለተኛው ሊታመም ይችላል። ሰውየው የሚናገረው ግን በሁለቱም ጊዜ ያው «ትንፋሽ ያጥረኛል» የሚለውን ነው።

ወላጆች የሞያሌን የውኃ ነገር ታውቃላችሁ። ቧንቧ በግቢያችሁ መዘርጋቱ አንድ ነገር ነው፤ ውኃ መምጣቱ ሌላ ነገር ነው። ዊልሄልም ሮንትገን በ1895 እ.ኤ.አ. ያገኘው ራጅ የቧንቧውን መስመር ያሳያል። ሳንባ ምች የያዘውን ቦታ፣ ቲቢ የቦረቦረውን ቦታ፣ የተጠራቀመ ፈሳሽን ለይቶ ያወጣል፤ ለእኛ አካባቢ ዛሬም ትልቅ ባለውለታ ነው። ሲቲ ስካን ደግሞ ያንኑ መስመር እጅግ አጥርቶ ያሳያል። ሁለቱም ግን በአንድ ቅጽበት የተነሡ የቤቱ ፎቶዎች ናቸው፤ በቧንቧው ውስጥ የሚሄደውን አየር አያሳዩም። በአፍ ተነፍቶ የሚለካበት ስፓይሮሜትር የተባለው መሣሪያ በበኩሉ እንደ ውኃ ቆጣሪ ነው። ጠቅላላው ስንት እንደሆነ ይነግረናል፤ የትኛው ቤት ውኃ እንዳልደረሰው ግን አይነግረንም። ሳንባ ትልቅ መጠባበቂያ ያለው አካል ስለሆነ፣ ጥቃቅኖቹ ቧንቧዎች በየቦታው ተዘግተው ጠቅላላ ቁጥሩ ደኅና መስሎ ሊታይ ይችላል።

ኤም አር አይ ሳንባን ለምን አላየውም?

ኤም አር አይ የሚባለው መሣሪያ በራጅ ጨረር አይሠራም። የሚሠራው በማግኔትና በሬዲዮ ሞገድ ነው። ከሰውነታችን አብዛኛው ውኃ ነው፤ ውኃ ውስጥ ሃይድሮጅን አለ፤ የእያንዳንዱ ሃይድሮጅን አተም ኒውክሊየስ ደግሞ እንደ ኮምፓስ ቀስት ያለ ጥቃቅን ማግኔት ነው። ታማሚው ወደ መሣሪያው ሲገባ ቀስቶቹ ግማሾቹ ከትልቁ ማግኔት ጋር፣ ግማሾቹ በተቃራኒው ይሰለፋሉ። በሬዲዮ ሞገድ ሲነኩ ከቦታቸው ይናጣሉ፤ ሲናጡም እነሱ ራሳቸው ደካማ የሬዲዮ ሞገድ ይልካሉ። መሣሪያው ያ ሞገድ ከየትኛው ቦታ እንደመጣ ለይቶ ሥዕል ይሠራል። ፖል ላውተርበርና ፒተር ማንስፊልድ ለዚህ ሥራ በ2003 እ.ኤ.አ. የሕክምና ኖቤል ሽልማት ተሰጥቷቸዋል።

አሁን «ግማሾቹ ወዲህ፣ ግማሾቹ ወዲያ» ያልነው ላይ ቆም እንበል፤ የነገሩ ቁልፍ ያለው እዚያ ነው። በ2020 እ.ኤ.አ. የተመረቀውን የሞያሌን የጋራ የድንበር ኬላ አስቡ። አንድ ሚሊዮን ሰው በኬላው አለፈ እንበል። ወደ ኢትዮጵያ የተሻገረውና ወደ ኬንያ የተሻገረው ሰው ቁጥር እኩል ለእኩል ሊሆን አምስት ሰው ብቻ ቀረው። ይህን ልዩነት ማን ያስተውለዋል? 1.5 ቴስላ ጉልበት ባለው የተለመደ የሆስፒታል ማግኔት ውስጥ ያለው ሁኔታ ግን ይኸው ነው። ማግኔቱ ከመሬት ማግኔት ከ30 ሺህ ጊዜ በላይ የበረታ ሆኖ ሳለ፣ ከአንድ ሚሊዮን የሃይድሮጅን ኒውክሊየሶች መካከል ልዩነቱ አምስት ያህል ብቻ ነው። የቀሩት እርስ በርሳቸው ይሰራረዛሉ። ሥዕሉን የሚሠሩት እነዚያ ጥቂት ትርፎች ናቸው። አንጎልም ሆነ ጉበት ውኃ የሞላበት ስለሆነ፣ ከሚሊዮን አምስቱ እንኳ ሲደማመሩ ጥሩ ሥዕል ይወጣቸዋል።

ሳንባ ላይ ሲደርስ ነገሩ ይበላሻል። ሳንባ አብዛኛው አየር ነው፤ ውኃው ጥቂት ነው። በዚያ ላይ አየርና ሥጋ በየከረጢቱ ስለሚጎራበቱ የማግኔቱን ሥርዓት ያዛቡታል፤ ያለውም ትንሽ ሞገድ ወዲያው ይጠፋል። ስለዚህ በተለመደው ኤም አር አይ ልብ ቁልጭ ብሎ ሲታይ፣ በግራና በቀኙ ያለው ሳንባ ጥቁር ጉድጓድ መስሎ ይቀራል።

መላው ምንድን ነው? የሳንባው ሥጋ መልስ ካልሰጠ፣ አየሩ ራሱ እንዲናገር ማድረግ ነው። ጋዝ ግን ስስ ነገር ነው፤ ከሚሊዮን አምስት ትርፍ ለውኃ ቢበቃም ለጋዝ አይበቃም። ጋዙ ታማሚው ዘንድ ከመድረሱ በፊት ቀስቶቹ በብዛት በአንድ አቅጣጫ እንዲቆሙ ተደርጎ መዘጋጀት አለበት። ከአንድ ሚሊዮኑ 650 ሺው ወዲህ፣ 350 ሺው ወዲያ ቢሆኑ ትርፉ 300 ሺህ ይሆናል። ሊቃውንቱ ያደረጉት ይህንን ነው።

እንግዳው ጋዝ

ጋዙ ዜኖን ይባላል። በ1898 እ.ኤ.አ. ዊልያም ራምዚና ሞሪስ ትራቨርስ ለንደን ላይ ያገኙት ሲሆን፣ ስሙ በግሪክኛ «እንግዳ» ማለት ነው። ከሌላ ጋር በቀላሉ የማይዋሐድ፣ ቀለምና ሽታ የሌለው ጋዝ ነው። አሁን በምትተነፍሱት አየር ውስጥም አለ፤ ግን እጅግ ጥቂት ነው። ርዝመቱ 8፣ ስፋቱ 6፣ ከፍታው 3 ሜትር በሆነ የመማሪያ ክፍል አየር ውስጥ ያለው ዜኖን ሁሉ ቢሰበሰብ አንድ የሾርባ ማንኪያ እንኳ በቅጡ አይሞላም። አየርን አቀዝቅዘው ኦክስጅንን የሚለዩ ትላልቅ ፋብሪካዎች አብረው ያወጡታል። ከዜኖን አተሞች መካከል ሩብ የሚሆኑት ዜኖን 129 የሚባሉት ናቸው፤ ለእኛ ጉዳይ የሚያስፈልገው ጥቃቅን ማግኔት ያላቸው እነሱ ናቸው። ዜኖን 129 ጨረር አያመነጭም።

አዘገጃጀቱን እንደ ዱላ ቅብብል ሩጫ አስቡት። የመጀመሪያው ሯጭ የሌዘር ብርሃን ነው። ይህ ብርሃን በተራ መንገድ የሚጓዝ ሳይሆን ወደ አንድ ወገን ብቻ እየተሽከረከረ የሚጓዝ ነው። ሁለተኛው ሯጭ ሩቢዲየም የሚባል ብረት ነው፤ በመስታወት ዕቃ ውስጥ ሞቆ ወደ እንፋሎትነት ይለወጣል። ብርሃኑ መሽከርከሩን ለሩቢዲየም ኤሌክትሮን ያቀብላል። ሦስተኛው ሯጭ ዜኖን ነው፤ ከሩቢዲየሙ ጋር ሲጋጭ መሽከርከሩን ለራሱ ኒውክሊየስ ይቀበላል። ሩቢዲየሙ እንደገና ከብርሃኑ ይቀበላል፣ እንደገናም ያቀብላል። ብርሃን አተሞችን በአንድ አቅጣጫ ሊያሰልፍ እንደሚችል ያሳየው ፈረንሳዊው አልፍሬድ ካስትለር በ1966 እ.ኤ.አ. የፊዚክስ ኖቤል ተሸልሟል። ካስትለር አተምን ለማወቅ ብሎ የጀመረው ሥራ ሳንባ ሐኪም ዘንድ ይደርሳል ብሎ ማን ይጠብቅ ነበር? «ይህ ትምህርት ምን ያደርግልናል?» ለምትሉን ተማሪዎች እዚህ ላይ ትንሽ ፈገግ ብለን እናልፋለን።

ከዚያ በኋላ ሩቢዲየሙ ተለይቶ ይቀራል፤ የተዘጋጀው ዜኖን በፈሳሽ ናይትሮጅን ቀዝቅዞ በረዶ ይሆናል፣ በማግኔት አጠገብም ይጠበቃል። ሊሰጥ ሲል ይቀልጥና ወደ ፕላስቲክ ከረጢት ይገባል። ታማሚው ለዜኖን ሞገድ የተቃኘ ሰደርያ መሳይ አንቴና ደረቱ ላይ ያስርና መሣሪያው ውስጥ ይተኛል። ከከረጢቱ ጋዙን በቱቦ ስቦ ለ10 ወይም ለ15 ሰኮንድ ያህል ትንፋሹን ይይዛል። ሥዕሉ በዚያች ጊዜ ውስጥ ይነሣል። አንዳንዱን ሰው ራሱን ለአፍታ ያዞረዋል፤ ዜኖን በብዛት ሲሰጥ ማደንዘዣ ስለሆነ ነው። ብዙም ሳይቆይ ይለቀዋል።

መጣደፉ ለምንድን ነው ለሚል፣ ይህን ከጀሪካን ውኃ ጋር ማመሳሰል ይቻላል። የተለመደው ኤም አር አይ የሃይድሮጅን ቀስቶች በሬዲዮ ሞገድ ከተናጡ በኋላ ትልቁ ማግኔት መልሶ ያሰልፋቸዋል፤ እንደ ምንጭ ነው፣ ይተካል። የዜኖኑ ግን ከሩቅ በጀሪካን የመጣ ውኃ ነው። እያንዳንዱ የሬዲዮ ምት ከውስጡ ይጠጣለታል፤ የተጠጣው አይተካም። ሳንባ ውስጥ ያለው ኦክስጅንም በበኩሉ ቀስቶቹን በሰኮንዶች ውስጥ ይበትናቸዋል። ስለዚህ ጠጪው ቆጥቦ መጠጣት አለበት።

ከአይጥ ሳንባ እስከ ሐኪም ቤት

የመጀመሪያው ሥዕል የሰው አልነበረም። ሚቸል አልበርት፣ ጎርደን ኬትስ፣ ዊልያም ሃፐርና ባልደረቦቻቸው በ1994 እ.ኤ.አ. ኔቸር በተባለው የሳይንስ መጽሔት ላይ ያሳተሙት የአይጥ ሳንባ ሥዕል ነው። ሁለት ዓመት ሳይቆይ በ1996 እ.ኤ.አ. በአሜሪካና በጀርመን የሰው ሳንባ በዚህ መንገድ ታየ። ያን ጊዜ የተሻለ ሥዕል የሰጠው ጋዝ ዜኖን ሳይሆን ሂሊየም 3 ነበር።

የሂሊየም 3 ታሪክ ድንበር ላይ ለምንኖር ሰዎች ትንሽ ያስገርማል። ይህ ጋዝ የሚገኘው ለኑክሌር መሣሪያ የሚዘጋጀው ትሪቲየም ቀስ በቀስ ሲፈርስ ነው፤ ስለዚህ ክምችቱ ውስን ነው። ከ2001 የመስከረም ጥቃት በኋላ አሜሪካ በየወደቡና በየድንበር ኬላው በድብቅ የሚያልፍ የኑክሌር ቁስ የሚለዩ መሣሪያዎች ተከለች። መሣሪያዎቹ የሚሠሩት በሂሊየም 3 ነበር። ክምችቱ ተመናመነ፣ ዋጋው ናረ፤ የሳንባ ተመራማሪዎችም ጋዛቸውን ኬላ ወሰደባቸው። ፊታቸውን ወደ ዜኖን ያዞሩት ከዚያ ወዲህ ነው። ሌዘሩን አጠናክረው፣ አዘገጃጀቱን አሻሽለው ዜኖንን ከሂሊየም 3 ጋር የሚወዳደር አደረጉት። በታኅሣሥ 2022 እ.ኤ.አ. የአሜሪካ የምግብና መድኃኒት ባለሥልጣን ዕድሜያቸው 12 ዓመትና ከዚያ በላይ ለሆኑ ሰዎች የሳንባ አየር ሥርጭት ምርመራ እንዲውል ፈቀደ። በእንግሊዝ የሼፊልድ ዩኒቨርሲቲም በዚህ ሥራ ከታወቁት ማዕከላት አንዱ ነው።

ዜኖን ሂሊየም 3 የሌለው ሌላ ጠባይ አለው፤ እኛ ከሁሉ የሚበልጥብን ይህ ነው። ዜኖን እንደ ኦክስጅን የከረጢቱን ግድግዳ ይሻገራል። ከረጢቱ ውስጥ እያለ በአንድ ሞገድ ይናገራል፤ ግድግዳው ውስጥ ሲገባ ሞገዱ ጥቂት ይለወጣል፤ ቀይ የደም ሕዋስ ውስጥ ሲደርስ እንደገና ይለወጣል። እንደ አንድ መንገደኛ ነው፤ ኬላው ወዲህ ሳለ በአንድ ቋንቋ፣ ኬላው ላይ በሌላ፣ ተሻግሮ ደግሞ በሦስተኛ ቋንቋ ስልክ ይደውላል። ሞያሌ ላደገ ልጅ ይህ እንግዳ አይሆንበትም። መሣሪያው ሦስቱን ድምፆች ለይቶ ይሰማል። ስለዚህ አየሩ የት እንደደረሰ ብቻ ሳይሆን፣ ስንቱ ወደ ደም እንደተሻገረም ይታወቃል።

ስለ ቀይ የደም ሕዋስ ከተነሣ አንድ የአገራችንን ነገር ጣል አድርገን እንለፍ። ሲንቲያ ቢል የተባሉ አሜሪካዊት አንትሮፖሎጂስትና ባልደረቦቻቸው በ2002 እ.ኤ.አ. ባሳተሙት ጥናት፣ በሰሜን ተራሮች በአምባራስ በ3,530 ሜትር ከፍታ የሚኖሩ ሰዎችን ደም መርምረው ነበር። አየሩ በሳሳበት በዚያ ከፍታ ሂሞግሎቢን ይበዛል፣ በደም ውስጥ ያለው ኦክስጅን ደግሞ ይቀንሳል ተብሎ ይጠበቅ ነበር። የአምባራስ ሰዎች ግን ሁለቱም በባሕር ወለል ደረጃ ከሚኖሩ ሰዎች ጋር ተቀራራቢ ሆነው ተገኙ። ከአየር ወደ ደም ያለው መንገድ ከሰው ሰው፣ ከአገር አገር አንድ ወጥ እንዳልሆነ ከዚህ የሚበልጥ ምሳሌ አናውቅም።

የተሳቀበት ልጅ

ወደ ተማሪያችን ጥያቄ እንመለስ። አስም ያለባቸው ሰዎች በዜኖን ሲታዩ፣ ሳንባቸው ውስጥ ጋዙ ያልደረሰባቸው ጥቁር ቦታዎች ተበታትነው ይታያሉ። በስፓይሮሜትር ሲለኩ ደኅና ቁጥር ያገኙ ሰዎች ጭምር እንዲህ ያለ ጥቁር ቦታ ተገኝቶባቸዋል። መድኃኒቱን በአፍ ከሳቡ በኋላ እንደገና ሲነሡ አንዳንዱ ጥቁር ቦታ በርቶ ይታያል። ራጃቸው ግን ፊትም በኋላም ንጹሕ ሊሆን ይችላል።

ከኮቪድ በኋላ የታየው ደግሞ ሁለተኛውን በር ይመለከታል። ኮቪድ ይዟቸው ከሆስፒታል የወጡ፣ ወራት ካለፈ በኋላም «ደረጃ መውጣት አቃተን» የሚሉ ሰዎች ነበሩ። ሲቲ ስካናቸው ደኅና ወይም ለደኅና የቀረበ ነበር። የኦክስፎርድና የሼፊልድ ተመራማሪዎች በዜኖን ሲያዩአቸው፣ አየሩ ከረጢቱ ድረስ ቢደርስም ወደ ደም የሚሻገረው ቀንሶ አገኙት። ሰዎቹ የሚናገሩት እውነት ነበር፤ የጎደለው የሚያይ መሣሪያ ነበር።

እንግዲህ ለተማሪያችን «ሳንባህ ምንም የለበትም» ማለትና «በራጅ የሚታይ ነገር አልተገኘም» ማለት አንድ አይደለም። ሐኪሙ ያየውን ተናግሯል፤ ልጁም የሚሰማውን ተናግሯል። ሁለቱ አይጣሉም። ወላጆች፣ በተለይ እናቶች፣ በዚህ ላይ የምትጨምሩበት ምልክት አለ። ልጁ ሌሊት ወይም ንጋት ላይ ይስላል? ሲተነፍስ ደረቱ ያፏጫል? ሮጦ ከቆመ ከደቂቃዎች በኋላ ነው የሚብስበት? አቧራ ሲነሣ፣ ወይም የወተት ዕቃ ሲታጠን ይባባስበታል? እነዚህን መዝግባችሁ ወደ ሐኪም ብትሄዱ ከአንድ የራጅ ፊልም የበለጠ ልትረዱት ትችላላችሁ፤ አስም በአብዛኛው የሚታወቀው በእንዲህ ዓይነቱ ታሪክና በስፓይሮሜትር ነውና።

የጭሱን ነገር በቀላሉ አናየውም። በእኛ ቤቶች ጭስ የኑሮ አካል ነው። የወተት ዕቃ በወይራ ይታጠናል፤ ቡና ያለ ዕጣን አይፈላም፤ ምግብ በእንጨትና በከሰል ይበስላል። ዕጣኑንና የወተቱን ማዕዛ ተዉ የምንል አይደለንም፤ ያለ እሱ እኛም ቡናው ቡና አይመስለንም። ነገር ግን የዓለም ጤና ድርጅት በ2020 እ.ኤ.አ. በዓለም ዙሪያ 3.2 ሚሊዮን ሰው ከቤት ውስጥ ጭስ ጋር በተያያዘ ሕመም እንደሞተ ይገምታል። ጭሱ ከሁሉ በፊት የሚያገኘው ምድጃው አጠገብ የተቀመጠችውን ሴትና በጀርባዋ ያዘለችውን ሕፃን ነው። መስኮት መክፈት፣ ምድጃውን ከደጅ ማድረግ፣ ሕፃኑን ሌላ ሰው እንዲይዝ ማድረግ ገንዘብ አይጠይቅም።

የቲቢም ነገር እንዲሁ ነው። ቲቢ በመድኃኒት ይድናል፤ ጀርሙ ይጠፋል። ጠባሳውና የጠበበው ቧንቧ ግን ሊቀር ይችላል። መድኃኒቱን ጨርሶ፣ አክታው ንጹሕ ሆኖ፣ አሁንም ጆንያ ተሸክሞ መራመድ የሚያቅተው አባት «ድነሃል እኮ» ሲባል መልስ የሚያጣው ለዚህ ነው። ድኗል፤ ሳንባው ግን ያለፈበትን ይዞ ነው የዳነው።

መሣሪያው ወደ እኛ ይመጣል ወይ?

የዜኖን ምርመራ በሞያሌ የለም። ከሞያሌ እስከ ናይሮቢም ሆነ እስከ አዲስ አበባ ከ700 ኪሎ ሜትር በላይ ነው። ትልቁ ኤም አር አይ ዋጋው ከባድ፣ መብራቱ የማይቋረጥ፣ ማቀዝቀዣ ሂሊየሙ የማይጎድል መሆን አለበት። ስለዚህ ብዙ ሰው «ይህ ለእኛ አይደለም» ብሎ ገጹን ሊገለብጥ ይችላል። እኛ ግን ፊዚክሱን ስናየው ሌላ ነገር እናያለን።

ከላይ ያልነውን አስታውሱ። ትልቁ ማግኔት ያስፈለገው ከሚሊዮን አምስቷን ትርፍ ለማግኘት ነበር። ዜኖን ግን ተሰልፎ ነው የሚመጣው፤ ያሰለፈው ሌዘሩ ነው፣ ማግኔቱ አይደለም። ስለዚህ ማግኔቱ እጅግ ደካማ ቢሆንም ሥዕል ሊወጣ ይችላል። በ1998 እ.ኤ.አ. በአሜሪካ ተመራማሪዎች ከተለመደው የሆስፒታል ማግኔት በመቶዎች ጊዜ በሚያንስ ማግኔት ከተዘጋጀ ጋዝ ሥዕል ማውጣት እንደሚቻል አሳይተዋል።

ሁለተኛው ነገር ለእኛ ይበልጥ ቅርብ ነው። በ2022 እ.ኤ.አ. በጎረቤታችን ዩጋንዳ፣ በምባራራ ዩኒቨርሲቲ፣ ዶክተር ጆንስ ኦቡንጎሎክና ባልደረቦቻቸው ከኔዘርላንድና ከአሜሪካ ዩኒቨርሲቲዎች ጋር ሆነው አነስተኛ ኤም አር አይ እዚያው በቦታው ገጣጥመዋል። መገጣጠሙ የፈጀው 11 ቀን ነው። ማግኔቱ ከብዙ ትናንሽ ቋሚ ማግኔቶች የተሠራ ሲሆን ጉልበቱ 0.05 ቴስላ ያህል ነው፤ በፈሳሽ ሂሊየም መቀዝቀዝ አያስፈልገውም። የታሰበው ጭንቅላታቸው ውስጥ ፈሳሽ ለሚጠራቀምባቸው ሕፃናት ነው እንጂ ለሳንባ አይደለም። ሁለቱን ሥራዎች፣ ማለትም ደካማ ማግኔትንና የተዘጋጀ ጋዝን፣ አንድ ላይ አምጥቶ ለገጠር ሐኪም ቤት የሚሆን ነገር መሥራት ሌዘር፣ ዜኖንና የሠለጠነ ሰው ይጠይቃል። ሦስተኛውን ትምህርት ቤት ሊያወጣ ይችላል።

ለሳይንስ ክበብ አባላት የተሰጠ ሥራ

እስከዚያው በእጃችን ባለው እንለካለን። አምስት ሊትር የሚይዝ፣ ውስጡ የሚታይ የዘይት ጀሪካን፣ አንድ ሰፊ ሳፋና አንድ ሜትር የሚሆን ንጹሕ የፕላስቲክ ቱቦ አምጡ። በግማሽ ሊትር ጠርሙስ እየለካችሁ ጀሪካኑን ሙሉና ከእያንዳንዱ ግማሽ ሊትር ላይ ምልክት አድርጉ። እስከ አፉ ከሞላችሁት በኋላ በእጃችሁ ከድናችሁ ውኃ ባለበት ሳፋ ውስጥ ገልብጡት። የቱቦውን አንድ ጫፍ ከሥር አስገቡ። በሙሉ ደረታችሁ አየር ስባችሁ እስከ መጨረሻው ወደ ቱቦው ተንፍሱ። የወረደው ውኃ ያወጣችሁት አየር ልክ ነው፤ በእናንተ ዕድሜ ከ2 እስከ 4 ሊትር ብታገኙ የተለመደ ነው፤ ቁመት ይለውጠዋል።

ቀጥላችሁ በሁለተኛው ሙከራ በኃይል ተንፍሱ፤ ጓደኛችሁ «አንድ» ብሎ ሲቆጥር ውኃው የት እንደደረሰ ምልክት ያድርግ። ጤነኛ ወጣት ካለው አየር ከ100 እጅ 80 ያህሉን በመጀመሪያው ሰኮንድ ያወጣዋል። የጠበበ ቧንቧ ያለው ሰው ሁለቱ ቁጥሮች ይራራቁበታል። ይህ የሐኪም ምርመራ አይደለም፤ ቱቦውና ጀሪካኑ ራሳቸው ትንፋሹን ስለሚያዘገዩ ቁጥሩ ግምት ነው።

አንዱ የተጠቀመበትን ቱቦ ሌላው በአፉ አይንካ፤ ለእያንዳንዱ ተማሪ የየራሱ ቱቦ ይኑረው፣ ወይም በፈላ ውኃ ይታጠብ። ሳል ያለበት ተማሪ ይመዝግብ እንጂ አይተንፍስ። መሃል ላይ ያቆመ ተማሪ ካለ ስሙን ሳይሆን ያቆመበትን ሊትርና የተሰማውን ጻፉለት፤ የስፖርት መምህሩም ከዘንድሮ ጀምሮ በሩጫ ላይ ያቆመውን ልጅ እንዲሁ ይመዘግባል። ውኃውን አትድፉት፤ በአጥሩ ሥር ላሉት ችግኞች ነው። የቁመታችሁንና የሁለቱን ቁጥሮች ሠንጠረዥ እስከ ተርሙ መጨረሻ ለሳይንስ መምህራችሁ አስረክቡ።